እጁን የሚያወጣው ሰውዬ

«እጁን አውጥቷል አልኩዎት! አልጋው ላይ ሆኖ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት!»

«ማውጣቱን ማን ካደ? እጁን ለማን ሳያወጣ ቀርቶ ያውቃል?»

«ለጌታ ነው ያወጣው እትዬ ብዙነሽ!»

«ለጌታም ያወጣል፣ ለባጃጅም ያወጣል፣ እድር ላይ ድስት ማን ይሸከም ሲባልም ያወጣል! ወንድሜ ብብቱ ውስጥ ሞላ ነበረበት። ሰው ዝም ካለ ክንዱ ብቻዋን ነው የምትነሳው!»

ከለቀስተኛው አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ጆሲ በአንድ እጁ ፔርሙዝ፣ በሌላው የስኒ ትሪ እንደያዘ መሃላቸው ተገትሮ ቀረ። በግራው ጋሽ ጥበቡ፣ የእናቱ ቸርች ሽማግሌ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ። በቀኙ አክስቱ ብዙነሽ፣ ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ። ቡናውን የተቀበለው የለም። ጆሲ ምን ያድርግ? አንዱን ስኒ ራሱ ጠጣው።

የሚጨቃጨቁት ትናንት ስለተቀበረው አባቱ ነው።

ሰውዬው ተክለብርሃን ይባላል፤ ግን ዲላ ላይ «ተክለብርሃን» ብለህ ብትጠይቅ ስትዞር ትውላለህ። «ተክሌ ጆንያ» በል፣ ሕፃን ልጅ ሳይቀር በሩ ድረስ ያደርስሃል። ዕድሜውን የፈጀው የቡና ጆንያ አፍ ሲሰፋ ነው። ቡና በደረሰ ቁጥር ረጅሙን መርፌና ሲባጎውን ይይዝና ጪጩ ነው፣ ጨለለቅቱ ነው፣ ሬኮ ነው፣ ቡና ማጠቢያ ባለበት ሁሉ ይዞራል። ቡናው ባሕር ተሻግሮ ይጠጣል፤ ተክሌ አፉን ሰፍቶ ይሸኘዋል። ከጆንያ በቀር ደግሞ የማንንም አፍ ዘግቶ አያውቅም።

ብዙነሽ ታላቁ ናት። ወላጆቻቸው ከሰሜን ለሥራ መጥተው ዲላ ላይ የቀሩ የማርያም ሰዎች ነበሩ። ሚስቱ አሰፋች ደግሞ የጪጩ ጌዴኦ ናት፣ ከእናቷ ሆድ ጀምሮ ጴንጤ። ተክሌ መሃል ላይ ነበር። የማርያም ለት እህቱ ቤት ጠበል ጻዲቁን ይበላል። እሁድ እሁድ ሚስቱን እስከ ቸርቿ በር ይሸኝና ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መዝሙሩን ይሰማል፤ ስብከቱ ሲጀመር እንቅልፉን ይለጥጣል። ሲሞት ታዲያ ማን ይቅበረው ተብሎ ሰው ሊጋጭ ሲል የእድሩ ዳኛ ፈረደ፦ «ቀብሩ ለብዙነሽ፣ ድንኳኑ ለአሰፋች።» ሁሉም እሺ አለ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ቀበሩት፣ መዘምራኑ ድንኳኑን ያዙት።

ነፍሱን ግን ዳኛው ረሳት።

እሳቱን የጫረው የጠዋቱ ጉድ ነው። ገና ንፍሮው ሳይዞር ከጨለለቅቱ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ኳየር ከች አለ፣ ሐምራዊ ጋውኑን ግጥም አድርጎ። መሪያቸው ሉሲ የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ ናት። ቆመችና፣ «ወንድማችን ተክሌ እኛ ጋ ነው ጌታን የተቀበለው። ልንሸኘው መጣን» አለች።

ቀድመው አግዳሚው ላይ የተቀመጡት የጪጩ ሰዎች ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ ተነሳ። «ይቅርታ እህቴ፤ እኛ ጋ ነው የተቀበለው። የካቻምናው ኮንፈረንስ ላይ።»

ጋሽ ጥበቡ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅዱሳን… እዚህ ዲላ ላይ ያጸለይኩት እኔው ራሴ ነኝ።»

ዚያድ፣ የጆሲ የባጃጅ ጓደኛ፣ ከመስጊድ ቀጥ ብሎ ለቅሶ የመጣ ልጅ፣ ጆሮው ላይ ተለጥፎ «እናንተ ጋ ስንት ዙር ነው?» አለው። ጆሲን ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ አነቁት፤ በአፍንጫው ነው የወጣው።

ብዙነሽ እንዲህ ያለውን ታሳልፋለች? «እሰይ! በየከተማው ድኗላ! ከልቡ ቢሆን አንዱ ይበቃው ነበር!»

ይቺን ስትል ከቤት ውስጥ የአሰፋች ለቅሶ ቀጥ አለ። እንደ ሞተር ነው የጠፋው። ጆሲ ያንን ዝምታ አልወደደውም።

*

እውነቱን ለመናገር አክስቱ አልዋሸችም።

ጆሲ ትንሽ ልጅ እያለ አባቱ ቡና በጫነ አይሱዙ ላይ አውጥቶ ጨለለቅቱ ወስዶት ያውቃል። ሥራው አልቆ ሊመለሱ ሲሉ ሜዳው ላይ ኮንፈረንስ አለ። ሰባኪው ከሩቅ የመጣ፣ ድምፁ የሻከረ ሰውዬ ነው። ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። «ጌታን የሚቀበል እጁን ያውጣ!» ይላል፤ ማንም የለም። «አንድ ሰው! አንድ ነፍስ!» ይላል፤ ማንም። ሰዉ ኮባ ቅጠል ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ያየዋል። ሰባኪው መሐረብ አወጣ። ላቡን ይጥረግ እንባውን አይለይም።

«ኧረ ሰው ምን ነካው?» አለ ተክሌ በሹክሹክታ። «ይሄን ያህል መንገድ መጥቶ…»

እና እጁን አወጣ። መርፌውን እንኳ አልከተተውም፤ መርፌው ከነሲባጎው አየር ላይ ሲያብለጨልጭ ታየ።

ጆሲ መሬት ብትውጠው በወደደ። «አባዬ! ባለፈው ሬኮ ላይ ተቀብለሃል እኮ!»

«ታዲያስ?»

«አንዴ ነዋ የሚቀበሉት!»

«አንተ፣ እንግዳ ሁለተኛ ቀን ሲመጣ በር ትዘጋበታለህ?»

ሰባኪው «ሃሌሉያ! አንድ እጅ አየሁ!» ብሎ ሲዘል፣ ከወዲያ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ። ከዚያ ሜዳው ሙሉ እጅ ሆነ፣ የበቆሎ ማሳ መሰለ። ተክሌ እጁን አወረደና ልጁን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«አየህ? የመጀመሪያዋ ናት የምትከብደው። ጆንያም ስትሰፋ እንደዚያ ነው፤ የመጀመሪያዋ ክር ከያዘች ሌላው ይከተላል።»

ከዚያ ሻይ በዳቦ ጋበዘው። መንገዱን ሁሉ ደግሞ የሰባኪውን ድምፅ እያስመሰለ አሳቀው። ጆሲ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሞ ባጃጅ ሲይዝ ሰፈር ሁሉ ሲያወርድበት፣ አባቱ ብቻ ነው የመጀመሪያው ተሳፋሪ የሆነለት። ከመናኸሪያ ገበያ ሄደ፣ ከገበያ መናኸሪያ ተመለሰ፣ እንደገና ገበያ ሄደ። የሚሄድበት ጉዳይ የለውም። ዝም ብሎ ባጃጁ ባዶ እንዳይሆን ነው።

*

አሰፋች ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር ጎረቤት ያመጣው ቆጮ በጎመን አለ፤ አልተነካም። ጆሲ ገብቶ ሲያይ ጣቷን የምትቆጥር መሰለው፤ የምትቆጥረው ነገር ግን አልነበረም።

«ብዪ እንጂ እማ።»

«ተቀመጥ።»

«ሰው ቡና እየጠበቀ…»

«ተቀመጥ አልኩ!»

ተቀመጠ። አሰፋች አማርኛዋ ደህና ነው፤ ሲከፋት ግን ወንድና ሴቱ ይደባለቅባታል። «ያን ቀን ወንጌላዊ ትንሳኤ መጣች» አለች። ትንሳኤ ጢም ማብቀል የጀመረ ጎረምሳ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሲ በሳቅ ይፈርስ ነበር። «ጸለየች። እኔ ቡላ ይዤ በር ላይ ደረስኩ። የአባትህን እጅ አየሁ። ፊቱን አላየሁም፤ የትንሳኤ ጀርባ ከለለኝ። እልል አልኩ። አንተ ግን አጠገቡ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«እኔ ትንሳኤን ስሸኝ ከአባትህ ጋር ቀረህ። ምን አለህ?»

ጆሲ አንገቱን አከከ። «ማን፣ አባዬ?»

«አይ፣ ድመቷ!»

«ውሃ አለኝ መሰለኝ።»

አየችው። እናት ስታይህ ታውቃለህ፤ ኪስህ ውስጥ ያለውን ሳንቲም ጭምር ነው የምታየው። «ጆሲዬ፣ አባትህን አውቀዋለሁ። ቀልደኛ ነው። የታመመ ቀን እንኳ ዶክተሩን አስቆታል። እኔ የምፈራው… ከኋላዬ ጠቅሶህ እንደሆነስ? ጨዋታ ከነበረስ? አክስትህ ያለችውን ሰማሁ። እኔ ዕድሜ ልኬን ሰማይ ቤት ብዬ ነው የኖርኩት። እዚያ ደርሼ እሱ ከሌለ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?»

«እማ፣ ቤንዚን ሳልቀዳ…» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ቤንዚን! ባጃጁ ከቆመች ስንት ቀኗ፤ ውሸቱ ራሱ አፈረበት።

የሆነው እንዲህ ነው። ወንጌላዊ ትንሳኤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ከወጣ ሳምንት አልሞላውም። የታመመ ሰው ቤት ብቻውን ሲገባ የመጀመሪያው ነው። የወንድሙን ኮት ነው የለበሰው፤ እጅጌው መዳፉን ውጦታል። መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ፣ የፈለገውን ገጽ አጣ። ደግሞ ገለጠ፣ አጣ። በመጨረሻ ዘጋውና፣ «ጋሼ… ጌታን… እንደ ግል አዳኝዎ… ማለቴ ከፈለጉ… እጅዎን…» አለ። ጣቶቹ እንደ ባጃጅ ፓራውልት ይንቀጠቀጣሉ።

ተክሌ ያን ጊዜ ውሃ በማንኪያ ነው የሚጠጣው። ክንዱ ክር ሆናለች። ልጁን አየው፣ አየው፣ አየው። ከዚያ ያቺ ክንድ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣች፤ ዳገት እንደሚወጣ ሰው እያረፈች፣ እያረፈች ወጣች። ጆሲ ሊደግፋት ሲል በዓይኑ ከለከለው። እናቱ በር ላይ እልል አለች። ትንሳኤ አለቀሰ። ሲወጣ በትከሻው በሩን ገጭቶ፣ ለበሩም «ይቅርታ» ብሎ ሄደ።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ጆሲ ጎንበስ አለ። «አባዬ፣ አሁንም?»

ተክሌ ሳቅ ብሎ ነበር፣ ሳሉ ቆረጠበት። «ልጁ አሳዘነኝ። እጁ ስትንቀጠቀጥ አላየህም? ባዶ እጁን ከቤቴ ልስደደው?»

ይሄ ነው። ከዚያ ወደ ግድግዳው አዙረኝ አለ፣ አዞረው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጆሲ ለስላሳ ሊገዛለት ወጥቶ ሲመለስ አባቱ የለም።

ታዲያ ይሄን ለእናት እንዴት ይነግሩታል? «እማ፣ ለጌታ ሳይሆን ለትንሳኤ ነው ያወጣው» ይባላል? ጆሲ በሕይወቱ ብዙ ዋሽቷል፤ ለትራፊክ ይዋሻል፣ ለባለ ጋራዥ ይዋሻል፣ ለሴት ልጅ ሲዋሽማ ዜማ አለው። ለዚህኛው ግን ምላሱ ጎማዋ ተነፈሰ።

*

በጭቅጭቁ ማግስት ከሰዓት ጋሽ ጥበቡን ድንኳኑ ጀርባ ብቻውን አገኘው። ሰውዬው ጫማውን አውልቆ እግሩን ያናፍሳል።

«ጋሽ ጥበቡ፣ አንድ ሰው አለ እንበል። ደንበኛዬ ነው፣ ባጃጅ የሚሳፈር። ሰባኪው አሳዝኖት እጁን ቢያወጣ… ይቆጠራል?»

ጋሽ ጥበቡ ካልሲውን ሰበሰበ። «አዝኖ የወጣ እጅ እጅ ነው እንጂ እምነት አይደለም። ጌታ የሚያየው ልብ ነው። ለሰው ብሎ ያወጣ፣ ለሰው ነው ያወጣው።»

ጆሲ ሊሄድ ዞረ። ግን አፉ መቼ አርፎ ያውቃል? «ቆይ፣ እርስዎ ሲሰብኩ ማን እንደሚድን ጌታ አስቀድሞ መርጧል ይሉ የለ?»

«አዎ። መዳን የሱ ነው። እሱ ካልሳበ ማንም አይመጣም።»

«እሱ ከሳበ ታዲያ እናንተ እጅ አውጡ እያላችሁ ሰውን ምን ታስጨንቃላችሁ? ደግሞስ በምን ገመድ እንደሚስብ ነግሯችኋል?»

«ስድስተኛ ክፍል ላይ ያባረሩህ በዚህ ጥያቄህ ነው አይደል?»

«ራሴ ነኝ የወጣሁት።»

ጋሽ ጥበቡ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሄደና ፊቱ ላይ ድካም ብቻ ቀረ። «ስማ ልጄ። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በር ላይ ቆሜ ስጣራ ነው የኖርኩት። መጥራት ነው የተሰጠኝ፤ ማስገባት አልተሰጠኝም። ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ደንበኛህን… አባትህን እወደው ነበር። እዚያ ባገኘው ደስ ይለኛል። በልና ውሃ አምጣልኝ።»

ጆሲ ውሃውን ሊያመጣ ሲሄድ ሉሲ፣ ያቺ የጨለለቅቱ ኳየር መሪ፣ በርሜሉ ጋ ስኒ ታጥባለች። የመጣችበት ሚኒባስ ሌሎቹን ይዞ ሲመለስ እሷ ቀርታ እድሩን ስታግዝ ነው ያደረችው።

«የማታውቂው ሰው ለቅሶ ላይ እንዲህ ትደክሚያለሽ?» አላት።

«ማን አላውቀውም አለህ?» ስኒውን ደፋች። «ትንሽ ልጅ ሆኜ ነው። ዝናብ እየጣለ፣ ሰባኪው እጅ አውጡ ይላል። ልቤ ሊወጣ ደርሷል፣ ግን ሰው ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ሰውዬ በመርፌ እጁን አወጣ። እኔም ተከተልኩት። እሱ ባያወጣ እኔ አላወጣም ነበር። ዛሬ የማምነው በዚያ መርፌ ነው ማለት ትችላለህ።»

ጆሲ «እኔም እዚያ ነበርኩ» ሊላት ነበር። «ያን ጊዜ እኮ በሱ አፍሬ ነበር» ሊላት ነበር። የታጠበውን ስኒ እንደገና አጠበው፣ ውሃውን ለጋሽ ጥበቡ ሳያደርስ ረሳው።

ብዙነሽም ብትሆን ድንጋይ አይደለችም። በዚያው ዕለት ጓዳ ውስጥ የወንድሟን የጆንያ መርፌ ጉንጯ ላይ አስደግፋ ስታለቅስ አገኛት። ስታየው መርፌውን ደበቀችው።

«አክስቴ፣ ለምን ታናድጂያታለሽ?»

«እኔ ነኝ የማናድዳት? ወንድሜን ለሦስት ሲከፋፈሉት ዝም ልበል?» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ስማ፣ ክርስትና የተነሳ ቀን እስከ ማርያም በር አዝዬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የአርባ ቀን አራስ! እጅህን አውጣ ያለው አለ? እጁ ራሱ ተጠቅልሎ ነበር። ተኝቶ ሄደ፣ ልጅነቱን ተቀብሎ ተኝቶ ተመለሰ። የሱ ነገር የዚያን ለት አልቋል። እናትህ ያልገባት ይሄ ነው።»

«ለሷ እንደሱ ብለሽ ብትነግሪያት ምን አለበት?»

«አላናግራትም። ጆንያ ሊሰፋ ጪጩ ሄዶ፣ ሚስት ይዞ ተመለሰ። ሠርግ የለ፣ ሽማግሌ የለ! እንዴት እንዳገባት እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ስጠይቀው ይስቃል።»

እውነቷን ነው። ጆሲም ጠይቆ ያውቃል። አባቱ «ዕጣ ወጣልኝ» ይላል፤ እናቱ «ዝም በል አንተ!» ብላ በማማሰያ ታባርረዋለች። ከዚያ ሁለቱ ይተያዩና ይሽኮረመማሉ፣ ልጅ ፊት! አሳፋሪዎች።

*

ድንኳኑ የሚነሳ ቀን ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። እድርተኛው ገመዱን ሊፈታ መዶሻና ካራ ይዞ ይጠብቃል፤ የቀረው የመዝጊያው ስብከት ነው። ጋሽ ጥበቡ «ልጁ ይለማመድ» ብሎ ለወንጌላዊ ትንሳኤ ሰጠው። አሰፋችን ደጋግፈው አወጧትና ፊት ለፊት ሰሌኑ ላይ አስቀመጧት። ብዙነሽ በስተጀርባዋ ወንበር ላይ ናት፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ። አሰፋች ጆሲን በጣቷ ጠራችና ጎኗ አስቀመጠችው። እንዳያመልጥ የጃኬቱን ጫፍ ቂጧ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት።

ትንሳኤ ሰበከ። ምን ብሎ እንደሰበከ እንጃ፤ የወንድሙ ኮት ግን ከሱ በላይ ይወራጭ ነበር። ጥቅስ ተሳሳተ፣ ተመለሰ። የሟቹን ስም «ወንድማችን ጥበቡ» አለና ጋሽ ጥበቡን በሕይወቱ ቀበረው። ሰው ተንጫጫ። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ያለቀበት ሰው እንደሚያደርገው ወደሚያውቃት ነገር ሮጠ።

«ዛሬ… በዚህ ለቅሶ ላይ… ጌታን መቀበል የሚፈልግ ካለ… እጁን…»

ጸጥ።

ማን ያወጣል? ጴንጤው ድሮ ተቀብሎ ጨርሷል። የማርያሙ ሰው ነጠላውን ወደ አፉ ስቧል። ዚያድ ጫማውን ያያል። ዝናቡ ሸራው ላይ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

«አንድ ሰው» አለ ትንሳኤ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «አንድ…»

ጸጥ። እዚህ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ከዲላውም፣ ከጪጩውም፣ ሉሲም፣ ብዙነሽም፣ አንድ ነገር ሲጠብቁ ጆሲ አየ። ሳያውቁት ነው። ሁሉም ዓይኑን ወደ ዳር፣ ተክሌ ሁልጊዜ ወደሚቀመጥበት ዳር ልኳል። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ሲመጣ የሚሰብረው ሰው ነበራቸው። አሁን ያ ሰው ነው የሞተው።

ጆሲ ያን ጊዜ ነው ገና አባቱ መሞቱ የገባው። ቀብሩ ላይ አልገባውም፣ አፈር ሲመለስ አልገባውም። የማንም እጅ ሳይወጣ ሲቀር ገባው።

ሳያስበው እጁ ወጣች።

«ሃሌ… አንድ እጅ!» ትንሳኤ ሊወድቅ ደረሰ። ከኋላ ሉሲ እልል አለች። ብዙነሽ ከወንበሯ ተወርውራ የጆሲን ጀርባ ቆነጠጠችው።

«አውርድ! አንተ ደግሞ! ከልብህ ነው?»

ጆሲ እንባው ጉንጩን ሞልቶት ወደ እናቱ ዞረ። ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለም።

«እማ፣ እኔ አዝኜለት ነው። አባዬም ያን ቀን አዝኖለት ነው። "ልጁ አሳዘነኝ፣ ባዶ እጁን ልስደደው?" ነው ያለኝ። ሌላ ምንም አላለም። በናትሽ ይቅር በይኝ።»

ተናገረና ክንዱ መውረድ ጀመረች። አሰፋች በመዳፏ ክርኑን ከሥር ያዘችና ወደ ላይ መለሰቻት። እዚያው ደግፋ ያዘቻት።

«አልጠቀሰህም?»

«አልጠቀሰኝም።»

«ቀልዶ አይደለም?»

«አይደለም እማ። አዝኖ ነው።»

አሰፋች ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ከሦስት ቀን በፊት የሳበችው ትንፋሽ ነበር የሚመስለው። ፊቷ ላይ ጆሲ ያልጠበቀው ነገር መጣ፤ ያ በማማሰያ ስታባርረው የሚመጣው መሽኮርመም።

«ብዙነሽ፣ አንቺም ስሚ» አለች ሳትዞር። «ጪጩ ላይ የሠርጌ ቀን ሙሽራው ጠፋ። ለብሼ፣ ተቀብቼ፣ ሰው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ጠፋ። አባቴ ሰው ፊት ቆሞ አለቀሰ። "ልጄን ከዚህ ውርደት የሚያወጣ ወንድ የለም?" አለ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ጎረቤታችን መጋዘን በር ላይ አንድ የዲላ ልጅ ጆንያ ይሰፋል። ቀና አለ፣ አየኝ፣ እጁን አወጣ። ከነመርፌው።»

ብዙነሽ የቆነጠጠችውን ለቀቀች። እጇ የጆሲ ጀርባ ላይ እንዳለ ቀረ።

ጆሲ በአንድ እጁ አየር ይዞ፣ በሌላው አፍንጫውን ጠረገ። «እና… አዝኖ የወጣ እጅ ይቆጠራል እማ?»

«እኔንም አዝኖ ነው ያገባኝ» አለች አሰፋች። «አንተ ታዲያ ከየት መጣህ?»